ጠመንጃ ጠጋኙ ለምን ከሚሊሻ መዝገብ ወጣ?

ጥያቄውን የላኩት አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚኖሩ አንድ አባት ናቸው። አሳጥሬ ላቅርበው፦ «ልጄ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከትምህርት ቤት ዊልያምስበርግ ወስደዋቸው፣ በአሜሪካ የነፃነት ጦርነት ጊዜ ጠመንጃ የሚጠግኑ ሰዎች ከሚሊሻ ግዳጅ ነፃ ነበሩ ተብላ መጣች። አሁን ‹ይህ ፍትሐዊ ነበር ወይ?› የሚል ጽሑፍ አዘዋታል። እኔ ግን ነገሩ አልገባኝም። ጠመንጃ የሚያውቅ ሰው ግንባር ላይ አይደል እንዴ የሚፈለገው? በኛ አገር ክተት ሲባል ወስልቶ ለሚቀር አማላጅ የለም ነው የተባለው። ይሄ ዘመድ ያለው ሰው ከጦርነት የሚያመልጥበት ዘዴ አልነበረም?»

መጀመሪያ ሕጉ ምን እንደሚል እንይ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የቨርጂኒያ ምክር ቤት በግንቦት 1777 ጉባኤው ባወጣው የሚሊሻ ሕግ መሠረት ዕድሜው ከ16 እስከ 50 የሆነ ነፃ ወንድ ሁሉ በሚኖርበት ካውንቲ ተመዝግቦ በጓድ ይደራጃል። ቅጥር አገልጋይና ተለማማጅም አይቀሩም። ከዚያ ነፃ የሚሆኑት ይዘረዘራሉ። ገዥው፣ የኮንግረስ አባላት፣ ዳኞች፣ ገንዘብ ያዡ፣ ለመንግሥቱ ታማኝነት የማሉ ሰባኪዎች፣ የፖስታ ቤት ኃላፊዎች፣ የወህኒ ቤትና የሕዝብ ሆስፒታል ጠባቂዎች፣ ባለ ወፍጮዎች እያለ ይወርዳል። የሚገርመው የአኮማክና የኖርዝሃምፕተን ካውንቲ ባለ ወፍጮዎች ከዚህ ዕድል ተቆርጠዋል። ሕግ አውጪዎቹ እያንዳንዱን ሙያ ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱን ሰፈር ሳይቀር አስልተው ነበር ማለት ነው። የእኛ ሰዎች የሚመጡት ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ነው። የብረትና የእርሳስ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች፣ ከእነሱም ጋር ጠመንጃ መጠገንና መሥራት ብቻ ሥራቸው የሆነ።

እዚህ ላይ ጥያቄዎ ውስጥ ያለው የመጀመሪያው ስህተት ይታረማል። ሚሊሻ ማለት መደበኛው ጦር አይደለም። በጄኔራል ጆርጅ ዋሽንግተን የሚመራው የኮንግረሱ ጦር ሌላ ነው፣ በዓመታት ውል ይቀጠርበታል። ሚሊሻው ግን የሰፈሩ ሰው ነው። ገበሬው፣ ባለ ሱቁ፣ አናጢው። በተወሰነ ቀን እየተሰበሰበ ይሠለጥናል፣ ጠላት ሲጠጋ ለጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ይጠራል፣ ከዚያ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሆኖም ለመደበኛው ጦር ሰው ሲጎድል ምልመላው ከዚሁ ከሚሊሻው መዝገብ ላይ ነበር የሚደረገው። ስለዚህ ከመዝገቡ መውጣት ከወርኃዊ ሰልፍ ከመቅረት በላይ ትርጉም ነበረው። በዚህ በኩል የእርስዎ ጥርጣሬ መሠረት የለውም አልልም።

ዘመድና ገንዘብ ያለው ሰው ግን ጠጋኝ ነኝ ማለት አያስፈልገውም ነበር። ሌላ በር ነበረው። ዕጣ ሲደርሰው ገንዘብ ከፍሎ ምትክ ሰው ይልካል። ይህ በሕግ የተፈቀደ ነበር። ልጅዎ ስለ ሀብታም ማምለጫ መጻፍ ከፈለገች እዚያ ላይ ትጻፍ። ሙሉ ቀን ወናፍ ሥር ቆሞ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ለዚህ ክስ ጥሩ ምሳሌ አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ጠመንጃ መተኮስና ጠመንጃ መጠገን ሁለት የማይገናኙ ሙያዎች ናቸው። መተኮስ በሳምንታት ይለመዳል። መጠገን ዓመታት ይፈልጋል። በዚያ ዘመን አንድ ልጅ ጠመንጃ ሠሪ ዘንድ ለተለማማጅነት ሲገባ ሰባት ዓመት ያህል ይቆይ ነበር። ምክንያቱ ደግሞ መሣሪያው ራሱ ነው።

የዚያን ጊዜው ጠመንጃ ባልጩት የሚተኩስ ነው። ቃታው ሲሳብ ባልጩት የነከሰው መዶሻ ወደ ፊት ይወረወራል፣ ፊቱ ያለውን የብረት ክዳን ይፍቀዋል፣ ፍንጣሪው ባሩዱ ላይ ይወድቃል። መዶሻውን የሚወረውረው በሁለት የታጠፈ አንድ ዋና ሞላ ነው። ሞላው ከተሰበረ ጠመንጃው ዱላ ነው። አሁን ቢሆን መለዋወጫ ገዝተን እንገጥማለን። ያኔ መለዋወጫ የሚባል ነገር አልነበረም። ኮንግረሱ በኅዳር 1775 ለቅኝ ግዛቶቹ አንድ መለኪያ ሰጥቶ ነበር። አፈሙዙ የኢንች ሦስት አራተኛ ስፋት፣ በርሜሉ ሦስት ጫማ ከስምንት ኢንች፣ ሳንጃው 18 ኢንች ይሁን ብሏል። ግን እያንዳንዱ ቁራጭ በሞረድ፣ በእጅ፣ በዓይን ልክ የሚሠራ ስለሆነ የአንዱ ጠመንጃ ሞላ ለሌላው አይገባም። የአንዱ ብሎን ለጎረቤቱ አይሆንም። ያው አንድ ሠሪ በአንድ ሳምንት የሠራቸው ሁለት ጠመንጃዎች እንኳ አይዋዋሱም።

ስለዚህ ጠጋኙ ሞላውን ከባዶ ይሠራዋል። አንድ ቁራጭ አረብ ብረት ያግላል፣ ቀጥቅጦ ያሳሳዋል፣ ያጥፈዋል፣ በሞረድ እየላገ ቦታው ላይ ይለካዋል። ከዚያ እንደገና እስኪቀላ አግሎ ዘይት ወይም ውሃ ውስጥ ይነክረዋል። አሁን ሞላው ጠንክሯል፣ ግን እንደ መስታወት ይሰበራል። ስለዚህ ያጸዳውና ቀስ ብሎ ያሞቀዋል። ብረቱ መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ ይሆንና ሰማያዊ ይመጣል። ሰማያዊው ሲመጣ መነሳት አለበት። ትንሽ ቀድሞ ካነሳው በመጀመሪያው ጥይት ቷ ይላል። ካሳለፈው ይልፈሰፈስና መዶሻውን አይገፋም። ቴርሞሜትር የለም። ያለው የሰውየው ዓይን ነው። ባልጩቱ የሚፍቀው ክዳንም እንዲሁ ነው። ላዩ ሲያልቅ ፍንጣሪ መስጠት ያቆማል፣ ጠጋኙ ስስ የአረብ ብረት ፊት ይለጥፍለታል። ወታደሩ ይህን ጨርሶ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ቃታ ስቦ ጠመንጃው ዝም እንዳለው ብቻ ነው።

እንግዲህ ስሌቱን ይሥሩት። አንድ እንዲህ ያለ ሰው ጓድ ውስጥ ቢሰለፍ አንድ ተኳሽ ይጨመራል። ወርክሾፑ ከተዘጋ ግን የካውንቲው ብልሹ ጠመንጃ ሁሉ ግድግዳ ላይ ተደርድሮ ይቀራል። የሚሊሻው ጠመንጃ ደግሞ አብዛኛው ከየቤቱ የመጣ፣ ዓይነቱም ዕድሜውም የተለያየ ነበር። ጥገና የሌለበት ወር አልነበረውም።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ ፍሬድሪክስበርግ ነው። ከእናንተ ሰፈር በ95 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ትንሽ ብትነዱ ትደርሳላችሁ። ቨርጂኒያ በ1775 ክረምት እዚያ የመንግሥት ጠመንጃ ፋብሪካ አቋቋመች። ሥራውን የመሩት በተለይ ፊልዲንግ ሉዊስና ቻርልስ ዲክ ናቸው። ሉዊስ የዋሽንግተንን እህት ያገባ ሰው ነው፣ የመንግሥት ገንዘብ ሲዘገይ ከኪሱ እያወጣ ፋብሪካውን ያስቀጥል ነበር። በጥር 1781 የአሜሪካ ጄኔራል የነበረው ቤኔዲክት አርኖልድ ለእንግሊዝ አድሮ ሪችመንድ ድረስ ሲገባና የዌስተምን የመድፍ ማቅለጫ ሲያወድም፣ ፍሬድሪክስበርግ ውስጥ ጭንቅ ሆነ። ያኔ ዲክ ለገዥው ለቶማስ ጀፈርሰን ሲጽፍ፣ የከተማው ወንዶች፣ ወይዛዝርቱም ሳይቀሩ፣ ፋብሪካው መጥተው ከ20,000 በላይ ጥይት በወረቀት እየጠቀለሉ እንዳዘጋጁ ነገረው።

ይህችን ደብዳቤ የምወዳት ድንበሩን ቁልጭ አድርጋ ስለምታሳይ ነው። ባሩድና እርሳስ በወረቀት መጠቅለል ማንም በአንድ ከሰዓት ይለምደዋል። ከተማው ሁሉ ቢወጣ ግን አንድ ሞላ አይሠራም። ከግዳጅ ነፃ መደረግ ያለበት የቱ ሥራ ነው ለሚለው ጥያቄ መልሱ እዚህ አለ። ጎረቤት ተጠርቶ ሊሸፍነው የሚችል ሥራ ነፃ አያሰኝም። ማንም ሊሸፍነው የማይችል ብቻ ነው የሚያሰኘው።

ስለ ክተቱ ያነሱትን ልመልስ። አፄ ምኒልክ ወደ ዓድዋ ሲጠሩ ወስልቶ ለሚቀረው ማርያምን አማላጅ የለኝም ማለታቸው እውነት ነው። ያው አዋጅ ግን ጉልበት ያለው በጉልበቱ፣ ጉልበት የሌለው በሐዘኑ እንዲረዳቸውም ይጠይቃል። ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር አልተጠየቀም። ደግሞም ያ ለአንድ ዘመቻ የተጠራ ጥሪ ነው፣ የያዙት ጠመንጃም በአብዛኛው ከውጭ የገባ ነበር። ቨርጂኒያ ግን ለዓመታት የተጎተተ ጦርነት ውስጥ ነበረች፣ ባሕሩም በእንግሊዝ መርከቦች ይታገድባት ነበር። ከእኛ ታሪክ ለዚህ የሚቀርበው የአፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ነው። ደብረ ታቦር አጠገብ ባለ እጆችን ሰብስበው መድፍ አስቀለጡ እንጂ ጦር አሸክመው አላሰለፏቸውም። በነገራችን ላይ ብረት ሠሪን «ቀጥቃጭ» ብለን ስንንቅ የኖርን ሰዎች ይህን ሕግ ለመረዳት መቸገራችን አይገርመኝም። ምኒልክ ራሳቸው ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል።

ይህ ሁሉ ሕጉ እንከን አልነበረበትም ማለት አይደለም። አንደኛው ችግር አስመሳዩ ነው። ጦርነት ሲመጣ ጓሮው ውስጥ መስፍ ያለው ሁሉ ጠመንጃ ጠጋኝ ነኝ ይላል። ሕጉ ሥራው ይህ ብቻ የሆነ ሰው ብሎ የወሰነው ለዚህ ነው። ፈረስ ጫማ የሚመታ፣ ማረሻ የሚያበጅ፣ በመሃል አንዳንድ ቃታ የሚነካካ ሰው ነፃ አይደለም። ልጅዎ «አንጥረኞች ሁሉ ነፃ ነበሩ» ብላ እንዳትጽፍ፣ ስህተት ነው። ግን ማን ያጣራል? መዝገቡን የሚይዘው የካውንቲው የሚሊሻ አዛዥ ነው። ያ ሰው ጎረቤት ነው፣ ዝምድናም አለው። ጠመንጃውንም የሚያስጠግነው እዚያው ነው። እርስዎ የፈሩት ነገር ሊገባ የሚችልበት ቀዳዳ ይሄ ነው።

ሁለተኛው ችግር ይበልጥ ከባድ ነው፣ ብዙ ሰውም አያየውም። ነፃ የሚያደርግ ሕግ ሰውየውን ከመዝገብ ያወጣዋል እንጂ ሥራው ላይ አያስቀምጠውም። ደመወዙ የሚከፈለው በወረቀት ገንዘብ ነው፣ ወረቀቱ ደግሞ በየወሩ ዋጋው ይወርዳል። ባለሙያ ደግሞ የተሻለ ወደሚከፍል ይሄዳል። ዲክ ለጀፈርሰን ከገንዘብ ጋር የተያያዘ እሮሮ ያበዛው በዚሁ ነው። ፔንስልቬኒያ ውስጥ የላንካስተር ካውንቲ ኮሚቴ በ1775 መጨረሻ በሌላ መንገድ ሞከረው። ለሕዝቡ ጦር ጠመንጃ አልሠራም ያለ ጠመንጃ ሠሪ እንደ አገር ጠላት ይቆጠር፣ መሣሪያዎቹም ይወሰዱበት ብሎ ወሰነ። ማስፈራራት ለጥቂት ወራት ይሠራ ይሆናል። ሞረዱን የቀሙት ሰው ግን ሞላ አይሠራልህም።

ሦስተኛው ስለ ፍትሕ ነው፣ በጽሑፉ ውስጥ ቦታ ሊሰጠው ይገባል። ሕጉ የሚናገረው ስለ ነፃ ወንዶች ነው። የቨርጂኒያ የብረት ማቅለጫዎችና የእርሳስ ማዕድን ግን በባርነት የተያዙ ሰዎችንም ያሠሩ ነበር። ከፍሬድሪክስበርግ ወንዝ ማዶ፣ ፋልማዝ አጠገብ የነበረው የጄምስ ሃንተር ትልቅ የብረትና የጠመንጃ ሥራም እንዲሁ። እነዚህ ሰዎች በዝርዝሩ ውስጥ አልገቡም። ለእነሱ ግዳጅም፣ ከግዳጅ ነፃ መሆንም የሚባል ነገር የለም። ፍትሕ ከተነሳ ጠጋኙ ከወታደሩ በለጠ ወይ ከሚለው ይልቅ ይህ ይቀድማል።

«ታዲያ ሥራውንም ይሥራ፣ ሲያስፈልግም ይዝመት» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህን የሞከሩ አሉ፣ ያውም እዚያው ቨርጂኒያ ውስጥ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ (1861–1865) የተገነጠለው የደቡቡ መንግሥት መጀመሪያ በሙያ ነፃ ያደርግ ነበር። ዝርዝሩ ሲረዝምና አስመሳዩ ሲበዛ በየካቲት 1864 ነገሩን ገለበጠው። ሰው ሁሉ ወታደር ሆኖ ይመዝገብ፣ የሚያስፈልገውን ባለሙያ ጦሩ ራሱ መልሶ ወደ ሥራው ይመድብ አለ። የሪችመንድ ጠመንጃ ፋብሪካ ሠራተኞች ደግሞ ቀድሞውንም ከተማ የሚጠብቅ ሻለቃ ሆነው ተደራጅተው ነበር። መጋቢት 1 ቀን 1864 የሰሜኑ ፈረሰኛ ጦር አንዱ ክፍል በኮሎኔል ዳልግረን እየተመራ ከተማዋን ሲያጠቃ እነዚህ ሠራተኞች መሣሪያ ይዘው ወጡ።

በርሜል ማቃናት የሚባል ሥራ አለ። ሠራተኛው በርሜሉን ወደ መስኮት አነጣጥሮ በውስጡ ያያል። በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ከመስኮቱ የሚወርድ የጥላ መስመር አለ። መስመሩ ከተጣመመ በርሜሉ ጎብጧል። የቱ ጋ እንደሆነ አይቶ በመዶሻ አንድ ሁለት ጊዜ ነካ ያደርገዋል፣ መልሶ ያያል። ይህን በደንብ የሚያይ ዓይን ያላቸው ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በደቡቡ የጦር መሣሪያ ክፍል ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ የሚነገረው፣ ሪችመንድ ስትጠቃ አንድ እንዲህ ያለ ጎበዝ አቃኚ ሲገደል የፋብሪካው ምርት በወር ከ300 ጠመንጃ በላይ መውረዱ ነው። በአንድ ሰው! ያን ቀን እሱ የተኮሳቸው ጥይቶች ምንም ያህል ቢሆኑ ይህን አይክሱም።

ሌላው አማራጭ ባለሙያዎችን በራሳቸው ክፍለ ጦር አደራጅቶ ከጦሩ ጋር ማስኬድ ነው። ዋሽንግተን ይህንንም አድርጓል። ከ1777 ጀምሮ በቤንጃሚን ፍላወር የሚመራ የባለ እጆች ሬጅመንት ነበረው፣ ዋና ሥራውም ፔንስልቬኒያ ካርላይል ላይ ነበር። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን እዚህም ሰዎቹ የሚሠሩት ጥገና እንጂ ውጊያ አይደለም። ተንቀሳቃሽ ወናፍ ደግሞ ቀላል ብልሽት እንጂ ከባዱን አያነሳም። ለከባዱ ቋሚ ምድጃ፣ ከሰልና ጸጥታ ያስፈልጋል።

አሜሪካኖች ትምህርቱን የያዙት ይመስለኛል። በ1800 የወጣ የፌዴራል ሕግ በመንግሥት የጠመንጃ ፋብሪካዎች የሚሠሩ ባለሙያዎችን እዚያ እስካገለገሉ ድረስ ከማንኛውም የጦር አገልግሎት ነፃ አድርጓል። ፍርድ ቤት በዳኝነት ሸንጎ ከመቀመጥም ጭምር። «እስካገለገሉ ድረስ» የሚለው ገደብ እዚያም አለ። ልጅዎ ይህን ሕግ ከ1777ቱ የቨርጂኒያ ሕግ ጋር እንዳታምታታው። ከ1792ቱ አገር አቀፍ የሚሊሻ ሕግም ጋር እንዲሁ። ሦስቱም የተለያዩ ናቸው፣ የትምህርት ቤት ጽሑፎች ላይ ግን ሁልጊዜ ይደባለቃሉ።

እንግዲህ የኔ ምክር ይህ ነው። ልጅዎ «አዎ፣ ትክክል ነበር» ብላ ትጻፍ፣ አትወላውል። ግን መከራከሪያዋ የሰውየው መብት አይሁን፣ የጠመንጃው ቁጥር ይሁን። አንድ ጠጋኝ ግንባር ሲሄድ ስንት ጠመንጃ ግድግዳ ላይ ይቀራል የሚለውን ታስላ። ሕጉ ምን ጎደለው ተብላ ከተጠየቀች ደግሞ እንዲህ ትበል። የነፃዎቹ ስም በወርክሾፕ ተዘርዝሮ በአደባባይ ይለጠፍ፣ ጎረቤት አይቶ ይፍረድ። ወርክሾፑን የለቀቀ ሰው በዚያው ሳምንት መዝገብ ላይ ይመለስ። ተለማማጆች ሁለት ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው ነፃ አይባሉ፣ ወናፍ መንፋት ሌላም ሰው ይችላልና። ደመወዙ ዋጋው በማይወርድ ነገር፣ በእህልም ቢሆን፣ በቀኑ ይከፈል። ከተማው ራሱ ሲጠቃ ጠጋኞቹ መሣሪያ አይያዙ ማለት አይቻልም። ቢይዙም ግን የራሳቸውን ወርክሾፕ በር ይጠብቁ እንጂ ከከተማው አይውጡ፣ በርሜል የሚያቃና ሰው ካለ ደግሞ እሱን ከኋላ ያስቀምጡት።